የጭጭ በረንዳ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ቆሽቴ አሯል። ይህን ደብተር የገዛሁት ሥዕል ልሞክርበት ነበር፤ ዛሬ ግን ካልጻፍኩ አንዱን ሰው ተናግሬ አበላሻለሁ።

ዱባይ ያለ አንድ የካርቱን ስቱዲዮ «አዲስ ገጸ ባሕርይ የፈጠረ ይምጣ» ብሎ ሲያስታውቅ ሥራዬን ልኬ ነበር። ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዷ ሆንኩ። እስከ ማርች መጨረሻ እያንዳንዳችን ገጸ ባሕርያችንን ከነመኖሪያው ሠርተን እናስረክባለን፤ ከአምስታችን አንዱ ይቀጠራል። ቪዛ ያለው፣ ጠረጴዛ ያለው፣ ፊልሙ ሲያልቅ ስም የሚጻፍበት ሥራ። አዲስ አበባ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራ የነበርኩት ኤፍራታ፣ እዚህ ሻርጃ ማተሚያ ቤት ውስጥ የጎማ ቤት ስልክ ቁጥር አጉልቼ ስጽፍ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ይህ ካመለጠኝ አራተኛውንም እዚያው ነኝ።

ዛሬ የመጀመሪያው ስብሰባ ነበር። የምትመራን ሚስ ሰልማ የምትባል ዮርዳኖሳዊት ናት፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። ሥዕሌን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ቆንጆ ናት። ግን በረሃው የታለ? ግመሉስ? ሰው ከዚህ አገር የሚጠብቀው እሱን ነው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ያለውን አፌን በጥፊ ባልኩት!

እኔ በረሃ አላውቅም። የማውቀው አል ተዓውን ነው፤ ስድስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ፣ ከታች ወደ ዱባይ የሚሄደው የመኪና ሰልፍ። የእኔ ገጸ ባሕርይ ጭጭ ትባላለች። የግድግዳ እንሽላሊት ናት። ሻሽ ታስራለች፣ ፍንጭት ናት፣ በር ሲንኳኳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። የምትኖረው በረንዳ ላይ ነው። ግመል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ከአምልኮ ተመልሼ በረንዳው ላይ ስስል ዋልኩ። ስቱዲዮዎች «ቤት የሌለው ገጸ ባሕርይ ግማሽ ነው» ይላሉ። በዚህ እንኳን እስማማለሁ።

ቤታችን ዘጠኝ ሴቶች አልጋ አልጋ ተከራይተን ያለንበት ቢድ ስፔስ ነው። ኮንትራቱ በቤተል ስም ነው፤ ሱፐርማርኬት ካሸር ናት፣ እኛንም የምታስተዳድረን እንደ ካሸር ነው። በረንዳው በቺፑድ ታጥሯል፤ እዚያ የምትተኛው ፈይዛ ናት።

ፈይዛ የወሎ ልጅ ናት፣ የሐይቅ። አጅማን ትሠራበት ከነበረው ቤት ከጠፋች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፤ ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቷል፣ ጠፍታለች ተብላም ተከሳለች። የማዳሟ እናት ግን ደግ አሮጊት ናቸው። «ከዒድ በኋላ ልጄ ክሷን ታነሳለች፣ ፓስፖርትሽን በሾፌር እልክልሻለሁ» ብለው በስልክ ቃል ገብተውላታል። ያኔ ፈይዛ ሕጋዊ ሆና፣ ሲጠብቋት የከረሙት ሶርያውያን ቤት ሥራ ትገባለች። ከዚያ በፊት ከተያዘች ግን አሻራ ሰጥታ ትሸኛለች። አሻራ ከሰጠች ደግሞ ወደዚህ አገር መመለስ የለም።

ስለዚህ የቤቱ ሕግ ይህ ነው። የእኛ ሰው ሲያንኳኳ ሁለቴ መትቶ፣ ቆም ብሎ፣ አንዴ ይደግማል። ሌላ ዓይነት ማንኳኳት ከሆነ፣ ቅርብ ያለችው ሴት ሮጣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ታስነሳለች። ማሽኑ ከጮኸ ፈይዛ በረንዳዋ ውስጥ ድምፅዋን ታጠፋለች።

ከሁሉ የሚያምረው ዲሹ ነው። ፈይዛ የተበላሸ የሳተላይት ዲሽ ወደ ሰማይ አንጋልላ፣ አፈር ሞልታ፣ ጤና አዳም ተክላበታለች። ከመንገድ ቀና ላለ ሰው ይታያል። ቢሮ ተቀምጦ ይህን የሚፈጥር ሰው የለም። ጭጭን ዲሹ ውስጥ፣ ከጤና አዳሙ ሥር አስተኛኋት። ቺፑዱንም ማሽኑንም ከላይ የተወጠረውን ሰማያዊ ሸራም እንዳለ ሳልኩት። አንድ ምስማር አልቀረም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ።

«ግመሉን በሩቁ ብናሳየውስ?» ብላ ጽፋለች ሚስ ሰልማ። በሩቁም የለም!

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ፈይዛ ሥዕሉን አየችው። ልደብቀው አላሰብኩም ነበር፤ ብቻ አልጋዬ ላይ ተረስቶ ነው።

«ይች እኔ ነኝ» አለች።

«አይደለሽም።»

«ሻሹ የኔ። ፍንጭቱ የኔ። ያረቢ፣ እንሽላሊት አረግሽኝ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ባይሆን ፍንጭቷን ድፈኝልኝ። ወንዱ ሁሉ በሱ ነው የሚያውቀኝ።»

ፍንጭቱ ከተደፈነ ፊቷ ይሞታል አልኳት። ደግሞስ ፍንጭት ያላት ሴት እሷ ብቻ ናት እንዴ? ግማሽ ወሎ ፍንጭት ነው። ገጸ ባሕርይ ከብዙ ሰው ተጠራቅሞ የሚሠራ ነገር መሆኑን ይህች ሴት አይገባትም።

ከዚያ ሳቋን አቆመችና ወረቀቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ኤፊ፣ እኔን እንደፈለግሽ አርጊኝ። በረንዳውን ግን ለሐበሻ አታሳይብኝ። አደራ።»

«ስቱዲዮው ውስጥ አንድም ሐበሻ የለም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ የለም።

ሌላ ችግር አለብኝ። ገጸ ባሕርይዋ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ መታየት አለባት። ከፊት አለቀ፣ ከጎን አለቀ። የኋላው እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ሳልኩ፣ አሥራ አንዱንም ቀደድኩ። ፈይዛ እንደሆነች ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ሳታስደግፍ፣ ፊቷን ወደ በሩ ሳታዞር አትቀመጥም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ደሜ ፈልቷል።

በሁሉም ፊት፣ ግድግዳው ላይ የእኔን በረንዳ ትልቅ አድርጋ እያሳየች፣ «ይሄ ቦታ የት ነው? እንዲህ ያለ ነገር በእውነት አለ?» አለች ሚስ ሰልማ። አለ አልኩ። «ዲሽ ውስጥ አትክልት? ሰው ማሽን አጠገብ ተደብቆ?» ትከሻዋን ሰበቀች። «ሰው አያምነውም፣ ሐቢብቲ። የተፈጠረ ይመስላል።» ከአምስታችን አንዱ፣ ግመል በግመል ላይ የደረደረው ልጅ፣ ሳቀ።

የተፈጠረ! ሦስት ዓመት ሙሉ የኖርኩበትን ቤት!

ስንወጣ ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ሥራችሁን የትም እንዳትለጥፉ፣ ደንባችን ነው» አለችን።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ሠርቼ ጨረስኩት። አርባ ሰከንድ ነው። በር ይንኳኳል፤ አንዲት እጅ ማሽኑን ትጫናለች፤ ጭጭ ቺፑዱን አልፋ ዲሹ ውስጥ ትገባለች፤ ጤና አዳሙን እንደ ብርድ ልብስ ትከናነባለች፤ ማሽኑ ሲቆም አንድ ዓይኗ ብቅ ትላለች። አንድ ቃል የለውም። ዐረቡም ሕንዱም ፊሊፒኒውም፣ ማንም ያየው ይገባዋል። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ፤ ለራሴ እንኳን ልኩራ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

የምሳ ሰዓት።

ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። ሠላሳ አራት ተከታይ ነው ያለኝ፤ ግማሾቹ የመዘምራን ጓደኞቼ ናቸው። የፈለግሁት አንድ ሰው ብቻ «ይሄን አውቀዋለሁ» እንዲለኝ ነው። አንድ ሰው። ከዚያ ለዚያች ሴትዮ አሳያታለሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

አርባ አንድ ሺህ ሰው!

«ጤና አዳም በዲሽ፣ ዋላሂ የሐበሻ ቤት ነው!» «ማሽን አስነሺ፣ ሙዲሩ መጣ 😂» «እኛም ቤት እንደዚሁ ነው፣ አስለቀሳችሁን።» «ይሄንንማ አውቀዋለሁ፣ አል ተዓውን ነው፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ስድስተኛ ፎቅ። ሥራ ስሄድ ሁሌ አየዋለሁ።»

አውቀዋለሁ! ይህችኛዋን አምስት ጊዜ አነበብኳት። ፎቶ አንስቼ ለሚስ ሰልማ ላክሁላት። «የተፈጠረ ይመስላል ብለሽ ነበር» ብዬ ጻፍኩባት፤ ጨዋ ሆኜ ነው እንጂ ሌላም እጨምር ነበር።

በአሥር ደቂቃ ደወለች። መጀመሪያ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «አጥፊው። ግን በረንዳው ይቀመጥ፤ ግመሉን ተይው።»

አሸነፍኩ። ቪዲዮውን አጠፋሁት፤ ደንብ ደንብ ነው።

ሰኞ፣ ማርች 3

የረመዳን ሦስተኛ ቀን። ሰላም የሌለበት ቤት።

ቤተል ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ፣ «ናቱሩ ስልኩን አሳየኝ» አለች። ናቱር የሕንጻችን ጥበቃ ነው፤ አማርኛ ቀርቶ እንግሊዝኛም የለው። «ያንቺን ካርቱን። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሳቀ። ገባሽ? ወደ ላይ!»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«አንቺ አጠፋሽ፤ የሰው ስልክ ውስጥ ማን ያጥፋው? ሙሽኪላ አምጥተሽብናል፣ ኤፍራታ።»

ይህች ሴት ከመጀመሪያው ደስ አላላትም። እኔ ከዚህ ቤት ወጥቼ ሰው መሆኔ ነው የሚያንገበግባት። ዘጠኝ ሴት ባለበት ቤት ማን ለናቱሩ እንዳሳየው በምን ይታወቃል? ራሷስ ብትሆን?

ፈይዛ ጾሟን በሦስት ተምርና በውኃ ፈታች፣ በረንዳዋ ገባች።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ጤና አዳሙን ነቀለችው! ዲሹንም ደፍታዋለች። እያየሁ ቀለሙን ልጨርስ ነበር። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ለሥራዬ የምመለከተው ነገር ነበር።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ስቱዲዮ ያሉት «ጭጭ» ማለት ስላልቻሉ ቺቺ ሆናለች። ጭ የሚል አፍ የላቸውም። ተጨቃጨቅሁ፤ ተሸነፍኩ።

የኋላው ምስል የታለ ይሉኛል። የለም። አይመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

መጡ።

ማሽኑን ናቱሩ ራሱ አጠፋው። ማን ነገረው? ማን ነው የነገረው?

ዓርብ፣ ማርች 21

አምልኮ አልሄድኩም። ቤቱ ባዶ ነው። የሆነውን በተራው ልጻፈው፤ እስካሁን የጻፍኩትን ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ፣ የእኛ ሰው አመታት አይደለም። ቤተል እንደ ሁልጊዜው ማሽኑን አስነስታ ከፈተች። ሙዲሩ፣ የሕንጻው አስተዳዳሪ ነው፣ ናቱሩ ከኋላው። «ስንት ሰው ነው የምትኖሩት?» አለ አስተዳዳሪው። ቤተል «አራት» አለች። ናቱሩ ማንም ሳያዘው፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቀጥ ብሎ ማሽኑ ጋ ሄዶ ተጫነው። ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረበትም። ቀልድ እንደገባው ሰው ነው ፈገግ ያለው።

አስተዳዳሪው ቺፑዱን ገፋው። ፈይዛ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ቁርኣኗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። «በጣቃሽ የታል?» አላት። መታወቂያ ከየት ታምጣ? ፎቶ አነሳትና፣ «ነገ በቀትር ከፖሊስ ጋር እመለሳለሁ። በጣቃ የሌለው ሰው ካገኘሁ ሁላችሁም ትወጣላችሁ» ብሎ ሄደ።

ቤተል ስልኳን ይዛ የምታውቀውን ቤት ሁሉ ደወለች። ዲስከቨሪ ጋርደንስ፣ አጅማን አል ራሺዲያ፣ እዚሁ ሰፈራችን። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉን ሰማሁ። አንዷ፣ «ማን ናት? የካርቱኗ ሴትዮ እንዳትሆን? ፍንጭቷ? እሷንማ አገር አውቋታል፣ አንችልም እታለም» አለች። ሌላዋም እንደዚያው። አምስት ቤት ተደወለ፤ አምስቱም ጭጭን አይተዋታል።

ቤተል አለቀሰች። «አሥራ ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረሽ፣ ፈይዛ! አሥራ ሁለት ቀን የትም እንደብቅሽ!»

«የት? አይተው የማያውቁኝ ሰዎች አውቀውኛል» አለች ፈይዛ። «ኸላስ። እናንተን ስምንታችሁን አስበትኜ ለኔ ምን ይበጀኛል? ጧት ራሴ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ።»

እንዳትሄድ አላልኳትም፣ ይቅር በይኝም አላልኳትም። እኔ ጋ መጥታ፣ «አንች፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ፤ እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ትንሽ ፈገግ ብላ፣ «ፍንጭቷን ድፈኝልኝ ብየሽ ነበር» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጧት በኮሪደሩ ወደ ሊፍቱ ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ዞር አላለችም። ቀኝ ትከሻዋ በሻንጣው ክብደት ወርዷል። የሻሿ ጫፍ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በእግሯ ጠርዝ ነው የምትረግጠው፣ ጫማዋ በውጭ በኩል ተበልቷል። ከፊቷ ሌላ አላውቅም ነበርና፣ ይህን ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ማን ነገረው ብዬ ጽፌ ነበር። ናቱሩ አልተነገረውም፤ አየው። ቤተልም አይደለችም። ለሐበሻ አታሳይብኝ፣ አደራ ብላኛለች። አደራ ያለችኝን ነገር አንዲት ሴትዮን ለማሳፈር ብዬ በምሳ ሰዓት ለጠፍኩት። ሲያውቁት ደስ አለኝ። አምስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ያጠፋሁትም ለእሷ ብዬ አልነበረም።

ከአሁን በኋላ በሚስ ሰልማ ለመናደድ ስሞክር ንዴቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ወደኔ ይመለሳል።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ተቀጥሬያለሁ።

«በረንዳው ነው ያሸነፈው» ብላ ጽፋለች ሚስ ሰልማ። «ሕይወት አለበት። የኋላውን ብቻ ላኪና ውሉን እንፈርም።»

ለቤተል ነገርኳት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ዒድ ሦስተኛ ቀን። ፈይዛ ቅዳሜ፣ በዒድ ዋዜማ፣ ከኤምባሲ በተሰጣት ወረቀት ተሳፍራ አገሯ ገብታለች። አሻራ ሰጥታለች። የደወለችው ለቤተል ነው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ በር ተንኳኳ፣ የእኛ ሰው አመታት አይደለም። ቤተል ልምድ ሆኖባት ወደ ማሽኑ ሮጠች፤ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ከፈትኩ። ሾፌር ነው። በአንድ እጁ የተምር ካርቶን፣ በሌላው ፌስታል ይዟል።

«ፈይዛ?» አለ።

ፌስታሉ ውስጥ ፓስፖርቷ ነበር። አሮጊቷ የማዳሟ እናት በወንድ ልጃቸው እጅ ወረቀት አስጽፈዋል፤ ክሱ ተነሥቷል፣ ዒድ ሙባረክ፣ ልጄን ይቅር በያት ይላል። ሾፌሩ ፈይዛን ሊያይ ከኋላዬ አንገቱን አሰገገ። የለችም አልኩት። «ሥራ ሄደች?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

ቤተል ፓስፖርቱን ከእጄ አልተቀበለችኝም። «አንቺ ያዥው» ብላኝ ገባች።

ከዚያ ተቀምጬ የኋላውን ምስል ሳልኩ። ወር ተኩል እምቢ ያለኝ ጀርባ በሩብ ሰዓት አለቀ። የወረደው ትከሻ፣ የሻሹ ጫፍ፣ በጠርዙ የሚረግጠው እግር፣ ሁሉም አለ። በሕይወቴ ከሳልኩት ሁሉ ይበልጣል። እጄ ማፈር አያውቅም።

ለሚስ ሰልማ አልላክሁላትም። ለእሷ ሌላ ሠራሁላት፤ ጅራቷ ጥቅልል ያለ፣ ደስ የምትል፣ የማንንም ጀርባ የማትመስል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ግሩም ነው!» ብላ መለሰች። ማንም ልዩነቱን አላወቀም፣ ማንም አልጎደለበትም።

የፈይዛን ጀርባ እዚህ ደብተር ውስጥ፣ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀምጬዋለሁ። በረንዳውንም ያኔ እንዲህ አድርጌ መለወጥ እችል ነበር፤ ዲሹን አንስቼ፣ ማሽኑን በሌላ ዕቃ ተክቼ፣ ፍንጭቱን ደፍኜ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር።